የአያ አድማሱ ሊጥ

ባለፈው ጥር ኮሶበር ለቅሶ ደርሼ ወደ ዳንግላ ለመመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናው እስኪሞላ ብዙ አስቀመጡን። ረዳቱ እግራችን ሥር የድንች ጆንያ ሲጠቀጥቅ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ጨዋታ ይዘው ነበር። ወጣቷ ባሏ እሑድ ዕለት ክርስትና ቤት ሲበላ አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረበት፣ ከዚያ ወዲህ ምራቁን መዋጥ እንኳ አቅቶት ጣሳ አቅፎ እንደሚውል፣ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ አፉ መሽተት እንደጀመረ ትናገራለች። ወደ ከተማ የመጣችው ማስታገሻ ልትገዛለት ነው። ሌላዋ በዕድሜ ጠና ያለች ናት፤ እስክትጨርስ አዳምጣ መድኃኒቱን ነገረቻት።

«የገብስ ሊጥ አቡኪ። እንቁላል አሳክለሽ አድቦልብለሽ፣ ቅቤ ቀብተሽ፣ ሳያኝክ ይዋጠው። የአያ አድማሱ መድኃኒት ነው፤ ስንቱን አድኗል መሰለሽ።»

መኪናው ገና አልተነሳም፤ እኔ ግን መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁ። የማላውቀው ስም ቢሆን ኖሮ ወዲያው ዞሬ አንድ ነገር እናገር ነበር። አያ አድማሱን ግን አውቃቸዋለሁ። ሊጣቸውንም አውቀዋለሁ፤ ከሰው ጉሮሮ ሲወጣ ብርሃን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከነርስነት ትምህርት ቤት በወጣሁ በሦስተኛው ወር ከአዘና ከተማ በእግር በሚያስኬድ ርቀት ላይ ባለች አንዲት ክሊኒክ ተመደብኩ። ነርስ ልሁን ብዬ የተመኘሁበት ቀን የለም፤ ምደባ ነው። አፍንጫዬ ስስ ነው፣ ሆዴም ቶሎ ይገለበጣል። ደም ግድ አይሰጠኝም፣ ቁስልም እችላለሁ። ከአፍ የሚወጣ ነገር ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ይቀፈኛል፤ እህቴ በጠጣችበት ጣሳ ውኃ አልጠጣም ነበር። እቤት ውስጥ «ይቺን ልጅ ታካሚዎቿ ያክሟታል» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ቀልዳቸው ግማሽ እውነት እንደነበረው በኋላ ገባኝ።

ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ናት፤ ከጀርባዋ ቀርቀሃ፣ ከፊቷ የገብስ ማሳ። በጥር ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገርና ጫማዬን ዘልቆ ጣቶቼን ያደነዝዛል። ምሳዬ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ነበር፤ እሱን ብቻ በእርግጠኝነት እበላ ነበር፣ ልጣጩን ራሴ ስለምልጥ። የክሊኒኳ ኃላፊ ጋሼ በላይነህ ይባላሉ፤ በጃንሆይ ጊዜ ድሬሰርነት፣ የቁስል አጣቢነት ሙያ፣ የተማሩ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው። ቁስል ሲያዩ አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸታሉ። አሽትተው ሲጨርሱ ከጋዋናቸው ኪስ ቆሎ እየዘገኑ ይቆረጥማሉ። እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ይህን አልክድም፤ እኔ ግን ኪሱን እያሰብኩ እቀፈፍ ነበር። ከእሳቸው ጋር አንድ ገበታ ላለመቅረብ ጾም ነኝ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ቀን ጋሼ በላይነህ ለክትባት ገጠር ወጥተው ብቻዬን ሳለሁ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው አያ ጥሩነህ ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በበቅሎ ላይ ጎብጠዋል። ሁለተኛው አያ አድማሱ፤ ግዙፍ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፃቸው ቤቱን የሚሞላ። አያ ጥሩነህ ልጃቸውን ለአያ አድማሱ ልጅ ከዳሩ ገና ሳምንት አልሞላም። አማቾች ናቸው፣ ያውም አዲስ አማቾች። አያ አድማሱ አማቻቸውን ከበቅሎ አቅፈው አወረዱ፣ ደግፈው አስገቡ፣ አስቀመጡ፤ ከዚያም አጠገባቸው ቆመው እኔ የምጠይቀውን ሁሉ እሳቸው መለሱልኝ። ጉሮሯቸውን ያማቸዋል። ብርድ ነው። ትኩሳትም አላቸው። የሠርጉ ሰሞን ዳስ ውስጥ ውርጭ መትቷቸው ነው።

ምን በልተው እንደነበር አያ ጥሩነህን ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አማቻቸውን አዩ። ከዚያ «ብርድ ነው ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው በግድ ነው የወጣው።

አፋቸውን እንዲከፍቱ ነገርኳቸው። ሽታው እንደ ጥፊ መታኝ። የከረመ ምጣድ ማሰሻ፣ የኮመጠጠ ሊጥ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ፣ የሞተ ነገር ሽታ። በከንፈራቸው ዳር የሚጎተት ወፍራም ምራቅ አለ፤ ክር ሆኖ ጋቢያቸው ላይ ይወርዳል። ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘርግቼ ምላሳቸውን በእንጨቱ ጫን አደረግኩና ከወደ ኋላ ነጭ ነገር አየሁ። አየሁ ስል፣ ዓይኔ ነካው ማለቴ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ቶንሲል ነው አልኩ። መዝገቡ ላይም ቶንሲል ብዬ ጻፍኩ፣ ፔኒሲሊን ወጋኋቸው፣ ለቀሪው ቀን መርፌ ተመላልሰው እንዲወጉ ነግሬ ሸኘኋቸው። ሲወጡ በሩንም መስኮቱንም ከፍቼ ወለሉን በበረኪና አጠብኩት።

ለመርፌው አልተመለሱም። በአራተኛው ቀን በቃሬዛ መጡ።

ያን ቀን ጋሼ በላይነህ ነበሩ። የአያ ጥሩነህ አንገት በአንድ ወገን አብጦ አገጭና ትከሻቸው ተገናኝቷል። መተንፈስ ይችላሉ፣ መዋጥ ግን ጨርሶ አይችሉም። ምራቃቸውን የሚተፉበትን ቅል አያ አድማሱ ራሳቸው ይዘውላቸው ነበር። ወደ ቅሉ ውስጥ ሳላስበው አየሁ። ምራቅ፣ መግል፣ የሊጥ ቁርጥራጭና ቅቤ አንድ ላይ ተላቁጦ፣ በላዩ ዝንብ። አያ አድማሱ ስላደረጉት ሕክምና በኩራት አስረዱን። ከመጀመሪያውም ቀን ጀምሮ በቅቤ የታሸ የገብስ ሊጥ እያድበለበሉ ሲያውጧቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስቱ ወረዱ፤ የቀረው ግን እየተመለሰ አስቸገረ። እየተመለሰ ሲያስቸግር እሳቸው በጣታቸው ገፉት። በየትኛው ጣት እንደሆነም አሳዩኝ። ጥፍሩ ሥር የደረቀ ሊጥ አለ።

ያኔ ቀደም ሲል ያየሁት ነጭ ነገር ምን እንደነበር ገባኝ። ወጥቼ ከቀርቀሃው ሥር ድንቹን ሁሉ አስታወክሁት። ጣቱ ቀፈፈኝ፣ ቅሉ ቀፈፈኝ፤ ከሁሉ ይልቅ ያ የኩራት ድምፅ አንገሸገሸኝ። ሰው እየገደሉ የሚያድኑ የሚመስላቸውን ሰዎች እስከ ዛሬ አልወድም።

አፌን ጠርጌ ስመለስ ጋሼ በላይነህ በሽተኛው ላይ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ደርሰው ነበር። አንድ ጊዜ ሳቡ። አረፍ ብለው እንደገና ሳቡ። ቀና ሲሉ መዝገቡን አንስተው የጻፍኩትን አነበቡና ቀስ ብለው ዘጉት። «ቶንሲል እንዲህ አይሸትም» አሉ፤ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ሥጋ ነው የሚሸተው።»

ከዚያ ሰውን ሁሉ እንዲወጣ አዘዙ። አያ አድማሱ አማቼን ትቼ የትም አልሄድም ብለው ተከራከሩ። ጋሼ በላይነህ ነገር ያውቃሉ፤ ምናልባት ወደ ሆስፒታል መሄድ ሊኖርብን ይችላልና የሚሸከሙ ብርቱ ወጣቶችን እርስዎ ካልመረጡ ማን ይመርጣል ብለው ላኳቸው። በሩ ሲዘጋ ወደ አያ ጥሩነህ ዞሩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አሁን ሦስታችን ብቻ ነን። ምን ዋጡ?»

አያ ጥሩነህ መናገር አልቻሉም። እንባቸው ወረደ። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና አምስት ጣታቸውን ሰብስበው ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከዚያም በዚያው እጅ አያ አድማሱ የወጡበትን በር አመለከቱን።

ጉርሻ ነው። ነገሩን ከነዝርዝሩ የሰማነው በኋላ፣ አንደበታቸው ሲፈታ ነው። የልጅቱ ቤተሰብ በወንዱ አባት ቤት በተጠራበት ድግስ አያ አድማሱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አማቻቸውን በእጃቸው ለማጉረስ መጡ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ስለዚህ ሁለት። በዚያ ላይ የአዲስ አማች ጉርሻ ትንሽ አይሆንም፤ ትንሽ ከሆነ ንፍገት ነው። በመጥረቢያ የተከተከተ የበሬ አጥንት ቀይ ወጥ ነበር የቀረበው። በሁለተኛው ጉርሻ ውስጥ ስለታም ነገር እንዳለ አያ ጥሩነህ ገና በምላሳቸው አውቀዋል። ግን አፋቸው እስከ ጉንጫቸው ሞልቷል፣ አማቻቸው ፊታቸው ቆመው ይስቃሉ፣ ሁለቱም ዘመዶች እያዩ ያጨበጭባሉ። ከአማች እጅ የጎረሱትን መልሶ ማውጣት ቤትህ አጥንት ያበላል ማለት ነው። ልጃቸው ደግሞ በዚያ ቤት ነው የምትኖረው። ዋጡት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ ሲጠየቁ ብርድ ነው አሉ። አያ አድማሱ ሊጥ ሲያውጧቸውም አጥንት አለብኝ ከማለት ሊጡን ዋጡ።

ጋሼ በላይነህ ረጅሙን መቆንጠጫ አፈሉ። እኔ በቀኝ እጄ ባትሪ ይዤ በግራዬ ምላሳቸውን በፋሻ ጠቅልዬ እንድስብ ታዘዝኩ። እርጥብ ነው፣ ይሞቃል፣ ከጣቴ ያመልጣል። ፊቴ ከአፋቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። ሊጡ እየተዛቀ መውጣት ሲጀምር በውስጡ የታመቀው ሽታ ፈነዳና ጉሮሮዬ ድረስ መጣብኝ። አንገቴ ሳላዘው ዞረ።

«ፊትሽን ስታዞሪ መብራቱም ይዞራል» አሉ ጋሼ በላይነህ፤ አልተቆጡም።

መልሼ አየሁ። ከምላሳቸው ሥር፣ በቆሰለው ሥጋ ውስጥ፣ የግራጫ ነገር ጫፍ ብቅ ብሏል። መቆንጠጫው ያዘው፣ አዳለጠው፣ እንደገና ያዘው። ሲወጣ ከኋላው የታቆረው መግል ተከትሎ ፈሰሰ፤ በእጄ ላይ፣ በእጅጌዬ ውስጥ፣ እስከ ክርኔ። ሙቀቱ ዛሬም ቆዳዬ ላይ አለ። አያ ጥሩነህ አሳላቸው፣ ፊቴ ላይ ተፉብኝ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። አጥንቱ የትንሽ ጣቴን ግማሽ ያህላል፤ አንዱ ጫፉ እንደ ወስፌ ነው። ጨው በበዛበት ውኃ አጉመጠመጥናቸው። ትንሽ ቆይቶ ጉንጭ ውኃ ዋጡ፤ ከቀናት በኋላ የመጀመሪያዋ።

መናገር ሲችሉ ያሉት ስለ ሕመማቸው አልነበረም። የጋዋኔን ጫፍ ያዙ። «ልጄ፣ አማቼ እንዳይሰማ። የዳርኳት ልጄ ይታይሽ ገና ሙሽራ ናት። አባቷ በጉርሻ ታመመ ከተባለ በዚያ ቤት እንዴት ቀና ብላ ትሄዳለች?»

ጋሼ በላይነህ አጥንቱን በፋሻ ጠቀለሉ። በዚያው አያ አድማሱ ገቡ። አማቻቸው ቀና ብለው ሲተነፍሱ አይተው ፊታቸው በራ። ሊጡ ረድቷቸው እንደሆነ ጠየቁ። የጠየቁት ጋሼ በላይነህን ነበር፤ ጋሼ በላይነህ ግን መልሱን ለእኔ ተዉት፤ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። አጥንት ተገኘ ብል ከአራት ቀን በፊት ለምን አልተገኘም መባሉ አይቀርም። አያ ጥሩነህ ስለ ልጃቸው ለመኑኝ፣ እውነት ነው። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ሙሽራዋ አይደለም፤ ስለ መዝገቡ ነው።

«አዎ» አልኩ። «ረድቷቸዋል።»

አያ አድማሱ በደስታ ስንቃቸውን አስፈቱ። እጃቸውን ውኃ አስነኩት፣ ማስነካት ብቻ። የደረቀው ሊጥ ከጥፍራቸው ሥር ሳይለቅ እንጀራ ጠቀለሉና በዚያው ጣት ወደ አፌ አመጡት። አያ ጥሩነህ ከአልጋው ላይ ያዩኛል። ለምን እምቢ አልሽ ከተባልኩ ምን እላለሁ? አፌን ከፈትኩ። ወፍራም ነበር፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። እያለቀስኩ ዋጥኩት፤ እሳቸው በደስታ ያለቀስኩ መስሏቸው ደገሙኝ። ጋሼ በላይነህ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቶንሲል የሚለውን ጽሑፌንም አልሰረዙትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱም ሽማግሌዎች፣ ጋሼ በላይነህም ሞተዋል። ሚኒባሱ ከኮሶበር ወጥቶ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ሲያልፍ የማስበው ይህን ነበር። የአዲስ ቅዳም ከተማ ስትቃረብ ዞርኩና ጠና ያለችውን ሴት አያ አድማሱን ከየት እንደምታውቃቸው ጠየቅኳት።

«አማቴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። አባቴን በዚሁ በሊጥ ነው ያዳኑት።»

ይታይሽ ነበረች፤ ያቺ ሙሽራ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። አባትሽን ያዳነው ሊጥ አይደለም አልኳት፤ ሊጡ ሊገድላቸው ነበር፣ ያወጣነው አጥንት ነው፣ አጥንቱም ከአማትሽ ጉርሻ ነው። እኔ የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«አውቃለሁ ሲስተር» አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች። «አባዬ ሊሞት ሰሞን ነግሮኛል።»

«ታዲያ እያወቅሽ ነው ይቺን ሴት ሊጥ አውጪው የምትያት?»

«ምን ላድርግ? አገሩ ሁሉ መድኃኒቱን በስማቸው ነው የሚጠራው። ምራት ሆኜ እኔ ላፍርሰው? ደግሞ እሳቸው ሲያወሩ ማን መሰከረላቸው ይሉ እንደነበር ያውቃሉ? ነጭ የለበሰችው የክሊኒኳ ልጅ ራሷ ረድቷል ብላለች ይሉ ነበር። እርስዎ ነዎት ለካ።»

ወደ ወጣቷ ዞሬ ባልሽን አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው፣ ምንም እንዳታውጪው አልኳት። እኔን አየች፣ ይታይሽን አየች፣ ማንንም ላለማስቀየም ፈልጋ «እንግዲህ ሁለቱንም እናደርጋለን» አለች።

አዲስ ቅዳም ላይ ከወጣቷ ጋር ወረድኩ። በባጃጅ ቤቷ ስንደርስ አማቷም መድኃኒቱን ከጎረቤት ሰምተው ኖሮ ቀድመው ሊጡን አቡክተው አንዱን አውጠውት ነበር። ጣሳውን አየሁት። ጡረታ አፍንጫን አያደነዝዝም። ባልየውን አስነሥቼ በዚያው ባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድኩት። አጥንቱ በማግሥቱ ባሕር ዳር ወጣለት።

ነርስ ሆነሽ መጠየፍ እንዴት አልተወሽም የሚሉኝ አሉ። አልተወኝም። መግሉ ታጥቦ ሄዷል፣ ጉርሻውም ያው ወርዷል። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚቀፈኝ አንዲት ቃል ናት፤ እሷም ከራሴ አፍ የወጣች ናት። ባለፈው ሳምንት ወጣቷ ሴት ልታመሰግነኝ ደወለች። ባሏ እህል ጀምሯል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጡ መንገድ ባይከፍትለት ኖሮ ሐኪሞቹም አያገኙትም ነበር እንደሚል ነገረችኝ፤ ረድቶት ይሆን ብላም ጠየቀችኝ። አልረዳውም አልኳት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «አልሰማሁዎትም» አለች። ከቤት ወጥቼ መንገዱ ላይ ቆሜ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩላት።